ከሰባቱ ድል ስድስቱ በቤታችን

ስለ ኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ስናወራ ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ የለመድን ይመስለኛል። አንደኛው «እኛ እኮ ካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) የመሠረትን፣ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳን ነን» የሚለው ኩራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እንዲያው ምን ቡድን አለንና ነው» የሚለው ምሬት ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ምሽት፣ አንዳንዴም በአንድ ጨዋታ ሁለት አጋማሾች መካከል ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴ ብዬአቸዋለሁ። ይሁን እንጂ የቡድኑን የአፍሪካ ዋንጫ ውጤቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ አስቀምጦ ለሚያይ ሰው፣ ከኩራቱም ከምሬቱም ይልቅ ዓይን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በ11 የአፍሪካ ዋንጫዎች ተሳትፋ 30 ጨዋታዎች አድርጋለች፤ 7 አሸንፋ፣ 4 አቻ ወጥታ፣ በ19 ተሸንፋለች። ከሰባቱ ድሎች ስድስቱ የተገኙት በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ከአገር ውጭ በተካሄደ የአፍሪካ ዋንጫ ያሸነፍነው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱም በ1956 ዓ.ም. በጋና ቱኒዚያን 4 ለ 2 የረታንበት ነው።

ይህ አኃዝ የቡድኑን ታሪክ ከነድሉ ከነሽንፈቱ የሚያስረዳ ሆኖ ስለማገኘው፣ የሚከተለውን ሁሉ የጻፍኩት እሱን ይዤ ነው። አቆጣጠሩ እንዳያምታታ ግን አስቀድሜ ልናገር፤ ዓመታቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከ1954ቱ ሌላ በ1960 እና በ1968 ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎችን አዘጋጅተናል፤ የፈረንጆቹ 1968 ደግሞ የእኛው 1960 ነው። በዚህ የተነሳ የሁለቱ ውድድሮች ውጤት እርስ በርሱ ተቀላቅሎ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲካሄድ፣ ኮንፌዴሬሽኑን የመሠረቱት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። በግማሽ ፍጻሜው ከእሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ በመሆኗ፣ ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ በቀጥታ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሁለተኛነታችን አንድም ግብ ሳናስቆጥር የተገኘ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ እነዚያው ሦስት አገሮች ሲገናኙ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተረትተን ሦስተኛ ወጣን። ከሦስት ቡድን ሦስተኛ መሆን በመዝገብ ላይ ያምራል እንጂ ብዙ የሚወራለት አይደለም።

1954 ግን ሌላ ነው። በጥር ወር አራት ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ፤ አዘጋጇ ኢትዮጵያ፣ ሁለቱን ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ (ያኔ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር)፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ዋንጫውን ለማንሳት የሚያስፈልገው ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ነበር። ይህንን ያነሳሁት ድሉን ለማሳነስ አይደለም፤ ሁለቱም ጨዋታዎች እንዴት እንደተሸነፉ ሲታይ ድሉ የሚያንስ አይደለምና። ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 13፣ በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተገናኘን።

የዚያን ቀን የግቦቹን ደቂቃ ማስታወስ ብቻ ጨዋታው ምን ይመስል እንደነበር ይናገራል። ባዳዊ አብደልፈታህ በ35ኛው ደቂቃ ለግብፅ አስቆጠረ። ኢትዮጵያውያን አቻ የሆኑት በ74ኛው ደቂቃ በተክሌ ኪዳኔ ነው፤ ተመልካቹ ገና ጮኾ ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ እንደገና አገባ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው 30 ደቂቃ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በጭማሪ ሰዓት ያሸነፈ ቡድን ዋንጫውን በዕድል አገኘው ሊባል አይችልም። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ አስረከቡ። መንግሥቱም በውድድሩ ሦስት ግብ አስቆጥሮ ከባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ።

ስለ ቫሳሎ ወንድማማቾች ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሁለቱም የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ። የጣሊያን ወረራ ካበቃ ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ነበር፤ አገሪቱ አርበኞቿን በየዓመቱ የምታስብበት፣ የአያሌ ቤተሰብ ቁስል ያልሻረበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የብሔራዊ ቡድኑን የአምበልነት ጨርቅ ያጠለቀው ቫሳሎ የሚል የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ነበር፤ በፍጻሜው የእሱና የወንድሙ ግቦች ባይኖሩ ዋንጫው አይኖርም። ከዚያ ትውልድ ተጫዋቾች መካከል ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ እንደነበሩም መዘንጋት የለበትም። የ1954ቱን ቡድን ስናወድስ እንደ አንድ ወጥ ነገር እናወድሰዋለን፤ እውነቱን ስናይ ግን ዛሬ በሁለት አገር የተከፈለ የእግር ኳስ ሀብት ውጤት ነው። ሉቺያኖ ራሱ በኋላ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን በጣሊያን አሳልፏል፤ ያረፈውም በፈረንጆቹ 2022 ነው።

ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ይድነቃቸውን አሠልጣኝ ብሎ ብቻ ማለፍ ግን ትልቁን ሥራውን መደበቅ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች ነበር፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ነሐሴ 1979 ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። እንግሊዝ ላዘጋጀችው የፈረንጆቹ 1966 የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ ሳይሰጥ፣ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ እንዲያልፍ በመወሰኑ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ያንን ተቃውሞ ከመሩት አንዱ ከጋናዊው ኦሄኔ ጃን ጋር ይድነቃቸው ነው። ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በፈረንጆቹ 1976 ከፊፋ እንድትባረር ባደረገው ትግልም ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። እኔ እንደማምነው ኢትዮጵያ ለአፍሪካ እግር ኳስ ያበረከተችው ትልቁ ነገር በሜዳ ላይ የተገኘ አይደለም፤ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የተገኘ ነው። ሞሮኮ፣ ዛየር፣ ካሜሩን፣ ሴኔጋል በዓለም ዋንጫ ላይ ያበሩት እኛ ፈጽሞ ባልደረስንበት መድረክ ነው፤ የመድረኩን በር ካንኳኩት እጆች አንዱ ግን የእኛ ሰው እጅ ነው።

ወደ ሜዳው እንመለስ። በ1956 ጋና ላይ ከላይ የጠቀስኩትን የቱኒዚያ ድል አግኝተን አራተኛ ወጣን። በ1958 ቱኒዚያ ላይ በአዘጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፍን። በ1960 ውድድሩ ወደ እኛ ሲመለስ የዚያው ቡድን መልክ ወዲያው ተለወጠ፤ ስምንት አገሮች በአዲስ አበባና በአሥመራ በተሳተፉበት ዋንጫ ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ ኮትዲቯርን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፈን ምድባችንን በሙሉ ነጥብ መራን። በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረታችን፤ ዋንጫውንም እሷው ወሰደችው። ለእኔ የ1960ው ቡድን ከ1954ቱ የሚያንስ አይደለም፤ ምናልባትም ይበልጣል። በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ሦስት ቡድኖችን አሸንፏል፤ ተወዳዳሪውም በዝቶ ነበር። ዋንጫ ስላላነሳ ግን ማንም ስሙን አያነሳውም።

ከዚያ በሁለት ዓመቱ፣ ሱዳን ላይ፣ ኮትዲቯር 6 ለ 1 አሸነፈችን። ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎረን ፖኩ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ያሸነፍናት ኮትዲቯር እሷው ናት። በዚያ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን ተመለስን።

ሰዎች ይህንን ልዩነት ሲያስረዱ መጀመሪያ የሚጠቅሱት የአየሩን ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ተጫዋች ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ይከብደዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። የ1954ቱ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት መወሰኑ ለዚህ አባባል ይመቻል። ሆኖም ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ኮንጎ ኪንሻሳ በ1960 በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጭማሪ ሰዓት ባላሸነፈችን ነበር። በ1968 ለሦስተኛ ጊዜ ስናዘጋጅ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 0 ረትተን፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፈን ከምድባችን ሳናልፍ ቀርተናል። ከፍታው ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያሸንፍም። እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለተመልካቹና ለለመዱት ሜዳ ነው። ተጫዋቾቻችን ከጥቂቶች በስተቀር ሁልጊዜም በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ናቸው፤ ባዕድ ሜዳ ላይ፣ ባዕድ ጩኸት ውስጥ መጫወትን የሚማሩበት ዕድል የላቸውም። ለእንዲህ ያለ ቡድን የራሱ ሜዳ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ነገር ነው።

በ1974 ሊቢያ ላይ የተሳተፈው ቡድን በዛምቢያ 1 ለ 0፣ በናይጄሪያ 3 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ ተመለሰ። ያቺው አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ናት። ከዚያ በኋላ ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባቸው።

በዚህ ረጅም ክፍተት ውስጥ ለአንድ ትውልድ «ብሔራዊ ቡድን» ማለት የሴካፋ ዋንጫ ነበር። የ1980ውን ድል ሰው ሲያስታውሰው እንደ ትናንት ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ይድነቃቸው ካረፈ ከአራት ወር በኋላ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰድን። አባቴ ያንን ጨዋታ ያየው በጆሮው ነው፤ በጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤ ድምፅ። እያንዳንዱ የመለያ ምት ሲመታ በቤቱ ውስጥ ማን የት ቆሞ እንደነበር እስከ ዛሬ ይነግረናል፤ ከመቺዎቹ ስም ይልቅ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ዋንጫው በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ተደገመ። እዚህ ላይ የራሴ አባባል ትንሽ እንደሚንገዳገድ ማመን አለብኝ፤ ከአራቱ ሁለቱ የተገኙት ኪጋሊ ላይ ነውና። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የሚጫወትበት ውድድር የራሱ ባሕርይ አለው፤ ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ ኃያላን ጋር መግጠም ግን ሌላ ነው። በ1997 መግቢያ ላይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ መውጣታቸውንም በዚሁ ላንሳ፤ ከ1960 ወዲህ በአህጉሩ ትልቅ መድረክ ላይ የትኛውም ዋና ቡድናችን ከዚያ የተሻለ አላገኘም፤ የሚገባውን ያህል ሲወራለት ግን አልሰማሁም።

የ2000 ዓ.ም. ክረምት ላይ ደግሞ ፊፋ በፌዴሬሽኑ ውስጥ በነበረው የአመራር ውዝግብ ምክንያት ኢትዮጵያን አገደ፤ ቡድኑ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጥቶ ያደረጋቸው ጨዋታዎች ውጤትም ተሰረዘ። ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። በሜዳ የተሸነፈ ቡድን ቢያንስ ላቡን አፍስሷል።

አሁን ወደ ጥቅምት 4 ቀን 2005 እሑድ እንምጣ። ከወር በፊት ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር፤ በሜዳችን 2 ለ 0 ብናሸንፍ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች እናልፋለን። እኔ ሚስማር ተራ ነበርኩ (እንደ ካታንጋና ጥላ ፎቅ የስታዲየሙ አንዱ የተመልካች ክፍል ነው)። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ጧት ላይ ስታዲየሙ ሞልቶ፣ ጨዋታው እስኪጀመር በፀሐይ ሲጠበስ ውሏል። ከካታንጋ በኩል የሚነሳው ዜማ ወደ እኛ ሲደርስ ግማሽ መስመር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጥላ ፎቅ ደግሞ ሌላ ግማሽ መስመር ዘግይቶ ይቀበላል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ ሲጠናቀቅ የጩኸቱ ቃና ተለወጠ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኸን ሰላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ አርባ አምስት ደቂቃ አያቅተኝም» አሉኝ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰይድ ደገመ። ሁለተኛው ግብ ሲገባ ኳሷን አላየኋትም፤ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ነበር። ያየሁት ባርኔጣው ወደ ላይ ሲወረወር ነው። ባለቤቱ መልሰው አላገኙትም፤ የፈለጉትም አይመስለኝም።

በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን በደቡብ አፍሪካው ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ጥር 13 ቀን ነው፤ የ1954ቱ ፍጻሜ በተካሄደ በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት። ተጋጣሚው የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበር። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ አገባች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ከ1974 ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያው ነጥብ፣ ከ1968 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ግብ ነው። የስታዲየሙን መቀመጫ የሞላው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የለበሰው በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ወገናችን ስለነበር ጨዋታው የተካሄደባት ኔልስፕሩት ያን ቀን ግማሽ ቤታችን ነበረች ማለት ይቻላል። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በመጨረሻው ጨዋታ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ሲወጣ ቅያሪ በማለቁ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። ከምድባችን ናይጄሪያ ዋንጫውን አነሳች፣ ቡርኪና ፋሶ ሁለተኛ ወጣች፤ ዛምቢያ ደግሞ ያለፈው ሻምፒዮን ናት። ከዚህ የከበደ ምድብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ምድባችንን መምራታችንን አረጋግጠናል ብለን መንገድ ላይ ስንጨፍር፣ ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። ከሳምንት በፊት ቦትስዋና ላይ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ ያልነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የቢጫ ካርድ ዝርዝር ማየት ነበረበት፤ አላየም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቡድኑ ግን አልተሰበረም፤ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን በገለልተኛ ሜዳ፣ ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ እንደገና ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የቀረው የደርሶ መልስ ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ መርተን፣ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አድርጎ፣ በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ተሸነፍን። በመልሱ ካላባር ላይ 2 ለ 0። ከዓለም ዋንጫ 180 ደቂቃ ያህል ቀርቦ መቅረት ይህ ነው። የሚገርመው ያን ሰሞን ሜዳችን ከዳችን፤ ከሜዳ ውጭ ግን የምንፈልገውን አግኝተን ነበር።

ቀጣዩ ተሳትፎ በካሜሩን፣ ጥር 2014 ነው። የማጣሪያው ውጤት ከላይ ያልኩትን በሚገርም ሁኔታ ያጸናዋል። በሜዳችን ሦስቱንም አሸነፍን፤ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1፣ ኒጀርን አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን እንደገና ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0። ከሜዳ ውጭ ሦስቱንም ተሸነፍን። የመጨረሻው ጨዋታ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ የመሀል ዳኛው ራሱን ስቶ በመውደቁ ሳይጠናቀቅ ቆመ፤ ማለፋችንን ያረጋገጠው ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር ያለ ግብ መለያየቷ ነው። በውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ካሜሩን ሄዶ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በአዘጋጇ ላይ ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ ቢያስቆጥርም 4 ለ 1 ተረታ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጣ።

ያ ቡድን ካሜሩን ሲደርስ የራሱ ሜዳ አልነበረውም። አዲስ አበባ ስታዲየም በእድሳት ላይ ነበር፤ የባሕር ዳሩንም ካፍ የሚጠይቀውን መመዘኛ አላሟላም ብሎ አገደው። ከዚያ በፊት በ2012 ልናዘጋጀው የነበረው ቻን፣ ማለትም በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሳተፉበት የአፍሪካ አገሮች ውድድር፣ ስታዲየሞቻችን ባለመድረሳቸው ወደ ካሜሩን ተዛውሯል። ካፍ የሚመለከተው የሣሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን፣ የተመልካች መቀመጫውን፣ የጋዜጠኞች ክፍሉን ነው፤ አንዳቸውም ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። በየክልሉ ትልልቅ ስታዲየሞች ተጀምረው ለዓመታት ሳይጠናቀቁ ቆመዋል። አንዱን ብቻ ጨርሶ፣ ሌሎቹን ቆይቶ ማሰብ ይቻል ነበር፤ እኛ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጀምረን አንዱንም አልጨረስንም።

ስለዚህ ሰኔ 2 ቀን 2014 «በሜዳችን» ግብፅን ያስተናገድነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከአራት ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ የተጫወተችውን ግብፅን፣ ሞሐመድ ሳላህ ባይኖርም፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ጨዋታውን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ቡድኑ ኳስ ይዞ ሲጫወት፣ ግብፆቹን ከኋላ ወደ ፊት እየሳበ ሲያልፋቸው ማየት ደስ ይል ነበር፤ ከጎሉ ጀርባ ግን አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጨዋታ ከዚህ ቡድን አይቼ አላውቅም፤ ያየውም ሰው ጥቂት ነው። ማጣሪያውን ግን አላለፍንም። ከዚያ ወዲህ «የሜዳችን» ጨዋታዎች ሞሮኮም ሄደዋል፤ ቡርኪና ፋሶ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 3 ለ 0 ያሸነፈችን በዚያ ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ከጊኒ ጋር በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተጋጠምን፤ አንዱ የእነሱ ሜዳ፣ ሌላው የእኛ ሜዳ ተብሎ። ሁለቱም የተካሄዱት ኮትዲቯር ውስጥ ነው፤ 4 ለ 1 እና 3 ለ 0 ተሸነፍን። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 12፣ ካፍ ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አደረገ፤ የአህጉሩ የእግር ኳስ መሪዎች በሙሉ ወደ ከተማችን መጡ። አዳራሹ በሚገባ ተዘጋጅቶ ነበር።